የዋፊቃ ግድግዳ

ዋፊቃ ከባሏ እጅ የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመሰችው በሃያ ዓመቷ፣ ከሠርጓ በኋላ ገና አንድ ወር ሳይሞላ ነው። ጥፋቷ መሳቋ ነበር። የባሏ ጓደኛ አንድ ቀልድ ተናገረ፤ እሷ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ዑበይድ እንግዳውን ሸኝቶ ተመለሰና «ሳቅሽ መንገድ ድረስ ይሰማል» ብሎ በመዳፉ ጆሮ ግንዷን አላት። ጆሮዋ ሦስት ቀን ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት ሁለት ጥርስ ረግፎባታል፣ የጎን አጥንቷ ተሰብሯል፣ የአምስት ወር ፅንስ ወርዶባታል። ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «ከደረጃ ወደቅሁ።»

የሐረር አሮጌ ቤት ደረጃ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ሰው አመናት፤ ወይም ያመነ መሰለ።

ዑበይድ ሰው ፊት ሲሆን ማር ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከሶፊ ገበሬዎች ጫት እየተረከበ ሸዋ በር ላይ ያከፋፍላል። የታመመ ሲኖር ቀድሞ ይጠይቃል፤ አፎቻው፣ የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ማለት ነው፣ ሲሰበሰብ ቀድሞ ይገኛል፤ ቀብር ሲኖር አፈር ከሚያወጡት ፊተኛው እሱ ነው። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ጫፏ የለችም፤ በወጣትነቱ የጭነት መኪና በር ቆርጧታል። ያቺን ጣት እያሳየ ሕፃናትን ያስቃል። «ዑበይድ እኮ ወርቅ ነው» ይላል የሰፈሩ ሰው። ዋፊቃም ለረጅም ጊዜ፣ ወርቁን መዳብ የምታደርገው እሷ ራሷ እንደሆነች ታስብ ነበር።

የተወለደችው ፈላና በር አጠገብ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሱቃቸው ከስፌት መኪናቸውና ከአንድ ወንበር በቀር አያስገባም። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግራቸው ሥር ትቀመጥና በልብስ ሰፊ ጠመኔ በጥቁር ጨርቅ ላይ ትሥላለች፤ ዶሮ፣ ጫማ፣ የደንበኛ አፍንጫ። አባቷ አይተው ይስቁና ጨርቁን አራግፈው ይሰፉታል። «ስንቱ የሐረር ሰው የአንቺን ዶሮ ሱሪው ላይ ይዞ እንደሚዞር ቢያውቅ!» ይሏት ነበር።

እናቷ ደግሞ ኖራ መቀባት አስተማረቻት። ረመዳን ሲቃረብ ጀጎል በሚባለው ግንብ ውስጥ የሚኖሩ ሴቶች የቤታቸውን የውጭ ግድግዳ፣ የጠባቡን መንገድ ግራና ቀኝ፣ አዲስ ይቀቡታል፤ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። ሥራው የሴት ነው፤ ወንድ እጁን አያስገባበትም። ዋፊቃ ቀለም በማዋሃድ እኩያ አልነበራትም። እሷ የቀባችው ሰማያዊ ዝናብ አያጠፋውም ይባል ነበር። በቀለሙ ላይም በመሶብ ስፌት የተለመደውን ጥልፍልፍ፣ መስመርና ባለ ጥርስ ሐረግ በጣቷ ትጨምርበታለች። ይህን ዑበይድ አይቃወምም ነበር፤ እንዲያውም ይኮራበታል። ሐረግ ማንንም አይከስስም።

ወላጆቿ ሲሞቱ ቤቱ በስሟ ቀረ። ወንድሟ ዐብዱልፈታሕ የራሱ ቤት ስለነበረው ድርሻውን ተወላት። ዑበይድም ሚስቱንና አንድ ልጁን አፍራን ይዞ ገባበት።

በ2014 ዓ.ም. አስቴር የምትባል የሥዕል መምህርት ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጣች። ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ መንገድ ጠፍቷት በዋፊቃ ደጅ ስታልፍ ግድግዳው ፊት ቆመች።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ተበላሸ?»

«የት ተማርሽው?»

«መማር ያስፈልገዋል እንዴ?» አለች ዋፊቃ፤ እጇ እስከ ክርኗ ኖራ ነበር።

አስቴር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የተማሪ እናቶችን በነፃ ታስተምር ነበር። ዋፊቃ ዑበይድን አስፈቅዳ ሄደች። «የልጄ ትምህርት ቤት ስብሰባ» ብላ ነው ያስፈቀደችው። በመጀመሪያው ቀን አስቴር ከሰልና ወረቀት ሰጥታ «የምታዩትን ሣሉ» አለቻቸው። ዋፊቃ ባልዲ ሣለች። በሁለተኛው ሳምንት የራሷን ጫማ ሣለች። በአራተኛው ቅዳሜ ዓይኗ አብጦ መጣች፤ ሻሿን ወደ ፊት ስባ ጥግ ተቀመጠች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀና ሳትል ሠራች። ሲያልቅ ወረቀቱን ለአስቴር ሰጠቻት። የራሷ ፊት ነበር። ያበጠው ዓይን፣ የተሰነጠቀው ከንፈር፣ ጥርስ የጎደለበት አፍ፣ አንዳቸውም አልተደበቁም።

አስቴር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማነው?» አለች።

«ደረጃው።»

ከዚያም ዋፊቃ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ደረጃው ዑበይድ ይባላል» አለች። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ነገር ሆነባት። ግን ምንም አልወደቀባትም፤ ጣራውም እንዳለ ነበር።

አስቴር ሥዕሉን በስልኳ አነሣችውና ያን ቀን ማታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ስም አልጻፈችም። ክፉም አላሰበችም። ግን አልጠየቀችም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሸዋ በር፣ ሚኒባሶቹ እየተጣሩ ጫት እየተራገፈ ሳለ፣ አንድ ደንበኛ ስልኩን ለዑበይድ ዘረጋለት። «ይቺ የቤትህን ሰው አትመስልህም?» አለው። ዑበይድ አየ። ሳቀ። «ሰው ከሰው ይመሳሰላል» ብሎ ስልኩን መለሰ። ጫቱን ለረዳቱ ትቶ እየተራመደ ወደ ቤት ሄደ። በመንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ነው የሄደው።

ዋፊቃ ግቢ ውስጥ በርበሬ ትወቅጥ ነበር። በሩን ዘግቶ መቀርቀሪያውን ሲያስገባ ሰማች። ሲቆጣ ይጮህ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልጮኸም። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ዘነዘናውን ከእጇ ወሰደው።

«የምትሥይበት የትኛው እጅሽ ነው?»

ዓይኗን ሙቀጫው ላይ አደረገች።

«ጠየቅሁሽ እኮ።»

ቀኝ እጇን ከቀሚሷ ሥር ደብቃ በግራ እጇ ፊቷን ሸፈነች። ያ መልስ ሆነው። ቀኝ እጇን ጎትቶ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስተኛው፤ በጉልበቱ ክንዷን ተጫነው፤ ዘነዘናውን ሦስት ጊዜ አሳረፈበት። በመጀመሪያው ጮኸች። በሁለተኛው ድምፅ አልወጣትም። በሦስተኛው የተሰማው የአጥንቱ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር። በርበሬው እጇ ላይ፣ ቁስሉ ውስጥ ገባ። ቀና ስትል አፍራን ደረጃው ላይ አየቻት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። አባቷ «ግቢ» አላት፤ ገባች።

ሆስፒታል የወሰዳት ራሱ ነው፤ ባጃጅ ጠርቶ፣ ደግፎ። ነርሷ ምን እንደሆነች ስትጠይቃት ዑበይድ አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን ይዳብሳል። «ከደረጃ ወደቅሁ» አለች። ጄሶ ታሰረላት፤ እጇ ግን ተጣሞ ገጠመ።

ጩኸቷን ጎረቤት ሰምቶ ነበርና በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሼህ ዐብዱሰመድ ነበሩ፤ ወንድሟ ዐብዱልፈታሕ ነበረ፤ ከአፎቻው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ዑበይድ አንገቱን ደፍቶ «ሸይጧን አሳሳተኝ» አለ። ዐብዱልፈታሕ ወደ እህቱ ዞሮ፣ «ጥርስና ምላስም ይጋጫል። አንቺም የቤትሽን ገመና አደባባይ አውጥተሻል። ቻይ» አላት።

ሼሁ ዑበይድን አጥብቀው ገሠጹት። «ፊት መምታት በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው። አጥንት መስበር የአውሬ ሥራ ነው» አሉት። ከዚያም ወደሷ ዞሩና፣ «አንቺም ልጄ፣ የሰው ፊት አትሣዪ። ሐረግሽ ይበቃሻል» አሏት።

ዋፊቃ ሽማግሌ ፊት ተናግራ አታውቅም። «ሼህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ፊቴን እንዲህ አድርጎ የሠራው እሱ ነው። እኔ የሠራውን አየሁና ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ከሁለታችን ማን ነው ሥዕሉን የሣለው?»

ወንድሟ «አፍሽን ያዢ!» ብሎ ተነሣ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጡት። ብዙ ጊዜ መቁጠሪያቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቆዩ። «ይህን እኔ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «አላህ ፊት እጠየቅበታለሁ።» ግን ወደ ባሏ ቤት መለሷት፤ ቤቱ የሷ ሆኖ ሳለ እሷን «መለሷት»።

ከሽምግልናው በኋላ በሦስተኛው ቀን አስቴር ደጇ መጣችና አለቀሰች። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስሰበርኩሽ» እያለች። ዋፊቃ የታሰረውን እጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች አየቻት። ልታጽናናት አልፈለገችም።

«ፊቴን ሳትጠይቂኝ ሰጠሽብኝ። እሱም ሳይጠይቀኝ ነው የሚወስደው። ለቅሶሽን ለራስሽ ያዢውና ከሰል አምጪልኝ። ብዙ።»

ሦስት ወር በግራ እጇ ተለማመደች። መጀመሪያ ባልዲውን፣ ቀጥሎ ጫማዋን፣ እንደ ሕፃን ከሀ ጀመረች። የምትሠራው ዑበይድ ወደ ሶፊ በሚሄድባቸው ጠዋቶች ነው፤ ሲመጣ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ትከታለች። አፍራ ታያት ነበር። «ኡሚ ተይው። ካልነካሽው አይነካሽም» ትላት ነበር። ዋፊቃ ልጇን አልተቆጣችም፤ እሷም በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

ረመዳን አንድ ሳምንት ሲቀረው ሴቶቹ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ወጡ። ዋፊቃም ወጣች። ዑበይድ ጎሕ ሳይቀድ ሶፊ ሄዷል። ግድግዳውን መጀመሪያ ሙሉ ነጭ አደረገችው። ሲደርቅ ከሰሉንና ቤት ውስጥ ወለልና መደብ የሚቀባበትን ቀይ አፈር አወጣች። ጎረቤቶቿ የዘወትሩን ሐረግ ጠበቁ። እሷ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የወንድ ክንድ ሣለች፤ ከትከሻው ጀምሮ ወደ ላይ የተነሣ፤ ዘነዘና የጨበጠ። ከሥሩ ደጃፍ ድንጋይ ላይ የተንጋለለች ሴት። ፊት አልሣለችም። ሼሁን አክብራ ይሁን፣ ፊት አያስፈልግም ብላ ይሁን፣ እሷም ኋላ ስትጠየቅ አታውቀውም። ዘነዘናውን በጨበጡት ጣቶች ላይ ግን ብዙ ቆየች። ትንሿን ጣት ጫፏን ቆርጣ ሣለቻት።

አንዷ ባልዲዋን አስቀመጠች። ሌላዋ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። በሰፈሩ ያንን ጣት የማያውቅ አልነበረም።

ከሁሉ ቀድመው የተጠጉት ጎረቤቷ አሮጊቷ ነሲማ ናቸው፤ ሰፈሩ «አይ ነሲማ» ይላቸዋል፤ በከተማው ቋንቋ እናት እንደማለት ነው። ዓይናቸውን አጥብበው ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«ዘነዘናው አነሰ» አሉ።

«እንዴት?»

«የኛ ቤቱ ይበልጥ ነበር። ባሌን አላህ ይማረውና።» ይህን ብለው ተመልሰው የራሳቸውን ግድግዳ መቀባት ያዙ።

ዋፊቃ ለመጨረሻው ቅብ አዲስ ኖራ አዘጋጀች። ድንጋይ ኖራ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ባልዲው አጠገቧ እየተንፈቀፈቀ ነበር። ከእኩለ ቀን በፊት ዑበይድ መጣ። አንድ ሰው ደውሎ ነግሮታል። ከዘመዱ ግቢ ዶማ ይዞ ነበር።

ያን ቀን መንገድ ላይ ለማንም ሰላምታ አልሰጠም። መጀመሪያ ግድግዳውን ነው ያገኘው፤ የተሣለውን ክንድ ከትከሻው ጀምሮ ይፈነቅለው ጀመር። ልስኑ እየተላጠ ወደቀ፤ ድንጋዩ ታየ። ሴቶቹ ጮኹ። ከየደጃፉ ወንዶች ወጡ፤ አምስት ይሆናሉ፤ ወጡና ቆሙ። ዐብዱልፈታሕም ከእነርሱ መካከል ነበረ። ዋፊቃ ይህን አልረሳችውም።

«የኔ ግድግዳ ነው» አለች። «ተው።»

ዶማውን ጣለ። በሻሿ ይዞ አንገቷን አዞረና ጭንቅላቷን ከድንጋዩ አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ደም በቅንድቧ ላይ ወርዶ ዓይኗን ሞላው። ከዚያ ሁለት እጁን ጉሮሮዋ ላይ አደረገ። ያቺ አጭር ጣት አገጯ ሥር ስትጫን ይታወቃት ነበር። «ዛሬ እገድልሻለሁ» አላት፤ ድምፁ የተረጋጋ ነበር። አየር አጣች። የመንገዱ ጩኸት ከሩቅ የሚሰማ ሆነ። የተጣመመው ቀኝ እጇ ደረቱ ላይ ተንፈራገጠ፤ ግራ እጇ ወደ ታች ሄዶ የባልዲውን አፍ አገኘ። የሚፈላውን ኖራ በመዳፏ ዘግና፣ የራሷ ቆዳ እየተቃጠለ፣ ፊቱ ላይ ለጠፈችው።

ለቀቃት። የጮኸው ጩኸት እስከ ሸዋ በር ተሰማ ይላሉ። ዓይኖቹን በሁለት እጁ ይዞ ወደቀ፤ «ውኃ! ውኃ!» እያለ መሬቱን በእግሩ ደበደበ።

ውኃ ነበረ። ቢጫው ጀሪካን ግማሽ ሞልቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ዋፊቃ አነሣችው። አንሥታም ቆመች። ከእግሯ ሥር ሲንከባለል ቁልቁል አየችው። ጆሮዋ ሦስት ቀን እንዴት እንደጮኸ ትዝ አላት፤ የአምስት ወሩ ፅንስ ትዝ አላት፤ ግን ስለ እነርሱ ብላ አልነበረም የቆመችው። የቆመችው ሲጮህ መስማት ስለጣማት ነው። ይህን በዚያው ቅጽበት አወቀችው። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። አይ ነሲማ «ዋፊቃ! አፍስሽበት!» ብለው በሙሉ ድምፃቸው ሲጮኹባት ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ፊቱ ላይ አፈሰሰችው። አፍራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የደረሰችው ውኃው ከመፍሰሱ በፊት ነበር። ያየችው አባቷ መሬት ላይ፣ እናቷ ውኃ ይዛ ቆማ ነው።

የቀኝ ዓይኑ ተረፈ። የግራው ጠፋ።

ፖሊስ ዋፊቃን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያዛት፤ ግንባሯ በስድስት ስፌት ተሰፍቶ፣ መዳፏ በፋሻ ተጠቅልሎ። ወንድወሰን የሚባል የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ተመደበላት። ደህና ጠበቃ ነው። አንገቷ ላይ ያለውን የጣት ምልክት ፎቶ አስነሣ፤ የሆስፒታል ወረቀቶቿን ሰበሰበ፤ ለምስክርነት አይ ነሲማን አቀረበ። «ራስን መከላከል ነው። በነፃ ትለቀቂያለሽ» አላት። «ውኃውን ወዲያው አፈሰስኩበት በይ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ጠየቁ፤ «ኖራውን ከደፋሽበት በኋላ ምን አደረግሽ?»

«ውኃ አነሣሁ።»

«ወዲያው አፈሰስሽለት?»

ዋፊቃ ወደ ጠበቃዋ አየች። ወንድወሰን በዓይኑ ለመናት። ከኋላ ወንበር ላይ ዑበይድ ዓይኑ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ አፍራ ክንዱን ይዛለች።

«አይደለም» አለች። «ቆሜ አየሁት። ማፍሰስ እችል ነበር፤ አላፈሰስኩም። ሐኪሙ ቶሎ ቢታጠብ ኖሮ ዓይኑ ይተርፍ ነበር ብሏል። ኖራውን ስደፋ ሊገድለኝ ነበር፤ ለዚያ አልጸጸትም። ውኃውን መያዜ ግን የራሴ ሥራ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ተፈረደባት። ወንድወሰን በኮሪደሩ ላይ ተከትሏት «ምን ነካሽ? ምን ነካሽ?» ይላት ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት ከደረጃ ወደቅሁ ስል ኖርኩ» አለችው። «ዛሬም ልዋሽ? ነፃ የሚያወጣኝ ውሸት ከሆነ እዚያው ነኝ ማለት ነው።»

ማረሚያ ቤት በገባች በሳምንቱ የዑበይድ የሩቅ ዘመድ የሆነች እስረኛ በትኩስ ሻይ ብርጭቆ ጉንጯን ሰነጠቀችው። ዋፊቃ ፀጉሯን ይዛ መሬት ጣለቻት፤ ላይዋ ላይ ተቀምጣ ደበደበቻት፤ ጠባቂዎች እስኪጎትቷት ድረስ። ለብቻዋ በተዘጋባት ክፍል ውስጥ የራሷን ጡጫ ስታይ ቆየች። እጁ የዑበይድ እጅ ሆኖ ታያት። መምታት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስደስት፣ ከዚያ በፊት ማንም አልነገራትም። ዳግመኛ ሰው ላለመምታት ማለች፤ ፍላጎቱ አልጠፋላትም፤ ግን ከዚያ በኋላ የመታችው ሰው የለም።

የእስር ጊዜዋ ሲያልቅ 2016 ዓ.ም. ገብቶ ነበር። ፍቺው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተጠናቋል፤ ዑበይድ ከአፍራ ጋር ሸዋ በር አካባቢ ከወንድሙ ቤት ገብቷል። የተፈነቀለውን ግድግዳ ዐብዱልፈታሕ አስለስኖ አረንጓዴ አስቀብቶት አገኘችው። «ሰው ይርሳው ብዬ ነው» አላት።

«ማን ፈቀደልህ?» አለችው። ከዚያ በኋላ በኢድ ብቻ ሰላም ይባባላሉ።

ሴቶች ደጇን መምታት ጀመሩ። አንዳንዷ ሰማያዊ ለማዋሃድ፣ አንዳንዷ ለሌላ ነገር። «የኔንም ሣዪልኝ» የምትል ትመጣለች፤ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ታሳያታለች። ዋፊቃ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሥዕል አይደለም። «ቤቱ በማን ስም ነው? ዘመድሽ የት ነው? ዛሬ ብትወጪ የት ታድሪያለሽ?» ትላለች። መልስ የሌላትን አትሥልላትም፤ አስቴር ዘንድ ትልካታለች፤ አስቴርም ወደ ወንድወሰን። አስቴር አሁን ማንንም ሳትጠይቅ ፎቶ አታነሣም። አንድ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው መጥቶ ዋፊቃን ለጎብኚዎች የሚሆን ጅብ ሣዪልኝ አላት። ሣለችለት። ጥሩ ጅብ ነበር።

በ2017 ዓ.ም.፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ዋፊቃ ከአይ ነሲማ ግቢ ግድግዳ ስትሠራ የራሷ በር ሲመታ ሰምታ ወጣች። አፍራ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷን በመንገድ ስታይ አቅጣጫ ትለውጥ ነበር። የታችኛው ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ደሙ ሸሚዟ ላይ ደርቋል።

«ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል» አለች። «እሄዳለሁ አልኩት። ማን ያየኛል አለና...»

ዋፊቃ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። አፍራ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አልማርኩሽም። ውኃውን አንሥተሽ ስትቆሚ አይቼሻለሁ። እሱን ሦስት ዓመት መርቼዋለሁ፤ ዓይኑን አጥቤዋለሁ። እስኪያልፍ ማደሪያ ነው የምፈልገው።»

«አትማሪኝ» አለች ዋፊቃ። «ግቢ።»

በማግስቱ ዑበይድ መጣ። ብቻውን ነበር። የጠፋችው ዓይኑ ሥጋዋ ተኮማትሮ፣ ፊቱ በግራ በኩል ነጭ ጠባሳ ሆኗል። ዋፊቃ በሩን ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆመች። የድሮው ፍርሃት ተነሣባት፤ ያልቃል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላለቀም። ግን እግሯ አልተንቀሳቀሰም።

«ልጄን አምጪ።»

«ራሷን ጠይቅ።»

አፍራ ከእናቷ ጎን ወጣች። «አልሄድም አባ» አለች። «መድኃኒትህን ሐሙስ ሐሙስ አመጣልሃለሁ። አብሬህ ግን አልኖርም።»

እጁን አነሣ። ሰነዘረ። በአንድ ዓይን ርቀት መመጠን ያስቸግራል፤ ቡጢው አፍራን ስቶ የበሩን መቃን ድንጋይ መታ። የጣቶቹ አጥንት ሲንቋቋ ተሰማ። ከየደጃፉ ሰው ወጣ። ሼህ ዐብዱሰመድ፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው መጥተው በእሱና በሁለቱ ሴቶች መካከል ቆሙ።

«በቃህ» አሉት። «ያኔ እሷን መልሼልህ ነበር። አጠፋሁ። አሁን ሂድ።»

ዑበይድ የሚደማ እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ በዚያች ባንዲት ዓይኑ ሁሉንም ተራ በተራ አየ። ከዚያም ሄደ። የሳቀ የለም፤ የተከተለውም የለም።

አፍራ መስከረም ላይ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዕረፍት ትመጣለች፤ የላይኛው ክፍል ትተኛለች፤ ሐሙስ ከሆነ አባቷ ዘንድ ትሄዳለች። ከእናቷ ጋር አብረው ይበላሉ፤ ብዙ አያወሩም። ባለፈው ጊዜ ዋፊቃ ወረቀት ዘርግታ ስትሠራ አፍራ ከኋላዋ ቆማ ቆየች።

«እኔን ልትሥዪኝ ነው?»

«ካልፈቀድሽ አልሥልሽም።»

አፍራ አሰበች። «ገና ነው» አለች፤ ወንበር ስባም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠችና መጽሐፏን ማንበብ ጀመረች።